ከዶራሌ የመጡት

ሰኞ

ፍሪጁን ጎትቼ በሩ ላይ አስደግፌዋለሁ። ዘበኛችን ዑመር ውጭ ነው፤ በሩን በግንባሩ ይመታል። ዑመር ጠዋት ሞቷል። ትንፋሽ እንደሌለው እጄን አፍንጫው ላይ አድርጌ ያረጋገጥኩት እኔው ነኝ። አንሶላ አልብሼው ለሆዮ ሐዋ ልነግራቸው ዞር ስል ከኋላዬ ተነሳ፤ ሮጬ ቤት ገባሁ።

ትናንት ክንዱን አሳይቶኝ ነበር። ወደ ዶራሌ ወደብ በሚወስደው መንገድ ላይ የወደቀ ሾፌር ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ነከሰው። «ሰው ሰውን ይነክሳል እንዴ?» ብዬ ስቄ ቁስሉን በአልኮል አጠብኩለት።

ሆዮ ሐዋ የቤቱ እመቤት ናቸው፤ እኔ ሠራተኛቸው ነኝ። ሆዮ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው፤ እዚህ ጅቡቲ፣ ራስ ዲካ ሰፈር፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። እግራቸው አይንቀሳቀስም። ልጃቸው ቅዳሜ ሚስቱን ይዞ በአውሮፕላን ሄደ። መኪና እልክላችኋለሁ ብሎ ነበር። የሰማው ነገር እንደነበረ አሁን ነው የገባኝ።

አሁንም እየመታ ነው።

ማክሰኞ

መብራት የለም። ሙቀቱ ያፍናል፤ መስኮት ግን አልከፍትም። ቴምር አለ፣ ሩዝ አለ፣ ገንዳው ውሃ ሞልቷል።

ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ከአርሂባ ሰፈር በኩል ብዙ ሰው ይመጣል። የሚሸሹ መስለውኝ ነበር። የሚሸሽ ሰው ግን ወደ ኋላ ያያል። እነዚህ አያዩም።

ጎረቤት ጄኔሬተር አስነሳ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደዚያ ዞሩ። ዑመርም በራችንን ትቶ ሄደ። ከዚያ የሰማሁትን አልጽፍም። የሚጠራቸው ድምፅ ነው፤ ያን አውቄያለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሆዮ ሐዋን ሳል ያዛቸው። ነጠላዬን አፋቸው ላይ ይዤ ቆየሁ። ሳሉ ሲለቃቸው፣ «ሂጂ፣ አንቺ እግር አለሽ» አሉኝ። አስቤው ነበር፣ አልዋሽም። አልሄድም አልኳቸው። ደግነት አይደለም። ብቻዬን መሆን ፈራሁ።

ረቡዕ

ጋሼ ሙሉ ደወለ። ወንድሜ ነው፣ ታላቄ፤ ጭነት ሊወስድ በከባድ መኪና ከአዲስ አበባ መጥቶ ዶራሌ ወረፋ ላይ ነበር። ድምፁን ስሰማ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዓሣ አጥማጆች ሰው ከባሕሩ ማዶ ወዳለችው ታጁራ እያሻገሩ ነው አለኝ። «ነገ እመጣለሁ። እስከዚያ ድምፅሽ እንዳይሰማ።»

የሆዮ ሐዋ ዊልቸር ጎማ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። የወጥ ዘይት ቀባሁት። አሁን ዝም ብሏል።

ሆዮ ሐዋ ሲጸልዩ ዋሉ። እኔም በልቤ ኪዳነ ምሕረትን ለመንኩ።

ሐሙስ

መጣ። ከባድ መኪናውን መንገዱ ጫፍ ላይ አቁሞ ደወለልኝ። ጣሪያ ላይ ሆኜ አየሁት። ግራ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ጋሼ፣ እጅህ ምን ሆነ?»

«ተይው እሱን። ስሚኝ። ክላክሱን እየነፋሁ ወደ ዶራሌ እመልሳቸዋለሁ። መንገዱ ሲጸዳ አሮጊቷን ይዘሽ ወደ ጀልባዎቹ ውረጂ። እንዳትሮጪ።»

«አንተስ?»

«ለእማዬ መኪና ተገለበጠ በያት» አለኝ።

እሺ አልኩት። ስንት ነገር ማለት እችል ነበር።

ክላክሱን ነፋው። ከየግቢው እየወጡ ተከተሉት። ሕፃናትም ነበሩ። እኛ ወጣን። የባሕሩ መታጠፊያ ጋ ዑመር ግንቡን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱን ወደኛ አዞረ። ሆዮ ሐዋ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ። ክላክሱ ደግሞ ተነፋ። ዑመር ወደዚያ ጭንቅላቱን አዘነበለና እግሩን እየጎተተ ሄደ።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ሆዮ ሐዋን አቅፎ ጀልባው ውስጥ አስገባልኝ። ዊልቸሩን ትተነዋል። ከወደቡ ርቀን እንኳ ክላክሱ ይሰማ ነበር። ረጅም ሆነ፣ ሳያቋርጥ። ከዚያ ቆመ።

ዓርብ፣ ታጁራ

ትናንት ማታ ስንደርስ ወታደሮች እጅና እግራችንን እያገላበጡ አዩ። «ይቺ ምንዎ ናት?» ብለው ሆዮ ሐዋን ጠየቋቸው። «ልጄ ናት» አሉ። አሳለፉን። መስጊድ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ሰጡን። ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። እሳቸው ጀርባዬን ሲያሹልኝ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዛሬ ጠዋት የሰው ጫጫታ ቀሰቀሰኝ። አንድ ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ በኩል እየመጣ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ነፋሱ ነው የሚገፋው። ሰዎች ደስ ብሏቸው ገመድ ይዘው ወደ ውሃው ይወርዳሉ፣ ይጣራሉ፣ እጃቸውን ያውለበልባሉ።

ጀልባው ላይ ያሉት ሁሉም ቆመዋል። አንድ እንኳ የተቀመጠ የለም። እጁን የሚያውለበልብም የለም። ሰዎቹ በተጣሩ ቁጥር ፊታቸውን ወደዚህ ያዞራሉ።

ለወታደሮቹ ነገርኳቸው። አንዱ ሰማኝና ወደ ውሃው ሮጠ። ይድረስ አይድረስ አላውቅም።

ሆዮ ሐዋን በነጠላዬ ጀርባዬ ላይ አስሬያቸዋለሁ። ከባድ አይደሉም። ወደ ተራራው የሚወጣውን መንገድ ይዘናል።