ጤፍ ውስጥ የተቀበሩ ንቦች

ጎንደር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸሎት፤

የጀርመን ብርድ አይበርታብሽ። እናትሽ ወይዘሮ ይመኙሽም እኔም ደህና ነን። ታሞ የከረመው ኮምፒውተሩ ነው።

ለጥናትሽ የሠራሽውን ሲሙሌሽን፣ "ከእኛ ጓሮ ንቦች ጋር ይመሳሰል እንደሆን እዩልኝ" እንዳልሽው ከፈትሁት። ቢጫዎቹ ነጥቦች ንቦች፣ ቀዮቹ ጉንዳኖች መሆናቸውን ለእናትሽ አስረዳሁ። ጉንዳኖቹ ቀፎውን ወረሩ፤ ንቦቹ ተዋጉ፤ ሲበዛባቸው የተረፉት ተነሥተው በስክሪኑ ጠርዝ በኩል ወጡ። ከትክል ድንጋይ ሊጠይቀን የመጣው ንብ አናቢው አያ ቢያዝን፣ "ሸጋ ነው! ጉንዳኑስ ራሱ ጉንዳን ነው" ብሎ መሰከረ። ለፕሮፌሰርሽ ንገሪው።

እናትሽ ግን አልረካችም። "መሪጌታ፣ ከጠርዙ ያለፉት ወዴት ሄዱ?"

"ፕሮግራሙ እዚያ ላይ ያልቃል" አልኋት።

"ምነው? ሰማዩስ?"

ሁለተኛው ወረራ ሲጀመር የጠበል ጠርሙሷን አምጥታ ጉንዳኖቹ ላይ ረጨች። ጉንዳኖቹ ወዲያው ጠፉ። ኮምፒውተሩም አብሯቸው ጠፋ።

አያ ቢያዝን "እርጥበቱን እህል ይመጠዋል" ሲል ጤፍ ውስጥ ቀበርነው፤ ጤፍ ከእህል ሁሉ እንደሚያንስ ሦስታችንም እያወቅን። በሦስተኛው ቀን ተነሣ። ከዚህ በላይ ማመሳሰል ለእኔ አይፈቀድልኝም።

አሁን በተነካ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ንብ የሚጨምረው ቁልፍ ሥር ጤፍ ገብቶ እንደተጫነ ተጣብቋል፤ ስለዚህ ቀፎው ባዶ ከሆነ በኋላም ከጠርዙ ንብ ይጎርፋል። እናትሽ አጨበጨበች፦ "ይኸው፣ ተመለሱ!" ጤፉን ልነቅል ያነሣሁትን መርፌ መልሼ አስቀመጥሁት። አንቺ ግን ይህን ውጤት ለጥናትሽ እንዳትጠቀሚበት።

እዚያው ሦስት ዓመት እንድትቆዪ ስለ ሰጡሽ ሥራ "ምን ትላላችሁ?" ብለሽ ጠይቀሻል። በራስሽ ወስኚ፤ እኛ አንጫንሽም። እናትሽ እንደሆነች ከጓሯችን ቀፎዎች ባዶውን በወይራ ጭስ አጥና ዛፍ ላይ ሰቅላለች፤ መንጋ ተመልሶ የሚገባው ሲታጠንለት ነውና። ከቀፎው ቀጥላ ያንቺን ክፍል አጠነችው።

"ልጅቱ ንብ አይደለችም" ብላት፣ "እርስዎ ምን ያውቃሉ?" አለችኝ።

አምላክ የምትሄጂበትንም የምትቀመጪበትንም ይባርክልሽ።

አባትሽ
መሪጌታ ወልደ ገብርኤል

ይድረስሽ ብዬ የጨመርሁት፦ የክፍልሽን በር ክፍት ትቼዋለሁ። ጭሱ እንዲወጣ ነው።