የአንድ ቁጥር ማሊያ

ሐሙስ፣ ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፤ ከጠዋቱ ፪ ሰ.

ዐሥር ማሊያ ገመድ ላይ። ዐሥራ አንደኛው የለም። ፩ ቁጥር፣ የበረኛው የዩሱፍ። ባለፈው ቅዳሜ ለወዳጅነት ግጥሚያ ወጥቶ ሰኞ ጠዋት መመለስ ነበረበት። በልብስ ቤቱ በር ላይ በቀይ ቀለም ጽፌ ለጥፌዋለሁ፦ ማሊያ ቅዳሜ ይወጣል፤ ሰኞ በ፪ ሰ. ይመለሳል፤ እዚሁ ይታጠባል፤ ማንም መርፌ አያስነካውም። ደንቡን ላልጠበቀ ማሊያ የለም። የኮሌጁን ልብስ ቤት ከያዝሁ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አንድም ተማሪ ተከራክሮኝ አያውቅም።

፬ ሰ.

አመጣው። እናቱ አጥባዋለች። ተተኩሷል፣ መልካም ታጥፏል። ግን ደብተሬ ሆይ፣ የታችኛው ጠርዝ ተፈትቶ እንደገና ተሰፍቷል። የእኔ ስፌት አይደለም። የራሴን ስፌት ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዐውቀዋለሁ። ጥጉ ላይ ባቄላ የሚያህል ጠጣር ነገር። በቆዳ የተለበጠ ክታብ ነው። ከጉዳት እንዲጠብቀው እናቱ እንዳደረገችለት ነገረኝ፤ አንገቱን ደፍቶ።

ለቅዳሜ ማሊያ እንደማያገኝ ነገርሁት። የሚያናድደኝ ክታቡ አይደለም። ስፌቱ ከእኔ ይደቅቃል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፭፤ ከምሽቱ ፩ ሰ.

ሦስት ለባዶ። የውድድሩ መጀመሪያ ግጥሚያ፣ በገዛ ሜዳችን። ተጠባባቂው በረኛ ኳሷን እንደ እባብ ይሸሻታል። ዩሱፍ ኮቱን ለብሶ፣ አጥሩን ተደግፎ አየ። ከኋላዬ የተቀመጠ የጫት ነጋዴ ጎል በገባ ቁጥር «በረኛችሁ ጊደር መጋላ ገበያ ወርዶ ነው ወይ? እስኪመጣ ጠብቁት እንጂ!» ይላል። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ቀጥ ብዬ ተቀመጥሁ።

አሠልጣኙ፣ የስፖርት መምህሩ አቶ ጸጋዬ፣ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። እንደ እርስዎ ያለ ሥርዓት ዐዋቂ ብዙ ቢኖረን ኖሮ አለኝ። ማሊያ ትእዛዝ ለሚፈጽም ብቻ ነው፣ ልክ ነዎት አለኝ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ። አሁን ግን ጎሎቹን እቆጥራለሁ። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ከተሸነፍን ዋንጫው አለቀ። ሦስቱ ጎል የማን ናቸው? የተጠባባቂው አይደሉም። ጻፊው፣ አትፍሪ፦ የእኔ ናቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር ፯፤ ከቀኑ ፲ ሰ.

ማሊያውን በወረቀት ጠቅልዬ ከግንቡ ውስጥ፣ ጀጎል ገባሁ። የሰፋችው ትፍታው ብዬ። እዚህ ከተማ ተወልጄ ስልሳ አራት ዓመቴ። በግንቡ በር ስወጣ ስገባ ኖርሁ፤ ከአንድ የጀጎል ቤት ውስጥ ግን ተቀምጬ አላውቅም። ሰበብ አልደረድርም።

የዩሱፍ እናት ወ/ሮ ፋጡማ ከእኔ ብዙ አታንስም። ከላይኛው መደብ ላይ አስቀመጠችኝ፤ የክብር እንግዳ ቦታ ነው። ከዚያ ምንም ሳታስተነፍሰኝ፦

«አንቺ ነሽ ልጄን አጥር ሥር ያቆምሽው?»

አንቺ! ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንቺ ያለኝ ሰው የለም። ልቆጣ ስል ቁጣው አልመጣ አለኝ።

«ኳስ ደረቱን ስትመታው አይቻለሁ፤ ወላሂ እኔን የመታችኝ ያህል ነው። አንቺ ልብሱን ትሰፊለታለሽ። መምህሩ ሩጫ ያስተምረዋል። እኔ ምን ልስጠው?»

ማሊያውን ከወረቀቱ ፈትቼ ዘረጋሁት። ስለ ስፌቱ ጠየቅኋት። ያስተማረቻት እናቷ ናት፤ ስታጠፋ ጣቷን በመርፌ እየወጋች። እኔን የሚሲዮኑ ሴት መነኮሳት፣ በማስመሪያ ጣቴን እየመቱ። ሁለታችንም ጣታችንን ዘርግተን አስተያየን። የእኔን ጠርዝ ገልብጣ አየችና ሳቀች። መምህርሽ ለጋስ ነበረች፣ ክር ታባክኛለሽ አለችኝ።

ደንቤን ግን አልጣልሁም። ከእኔ በቀር ማንም መርፌ አያስነካውም ብያለሁ። ክታቡን ፈትታ ሰጠችኝ፤ እዚያው ፊቷ ቁጭ ብዬ በገዛ እጄ መልሼ ሰፋሁት። ሁለት ጊዜ አስፈታችኝ። ሁለት ጊዜ! በዚህ ዕድሜዬ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ ፲፤ ከምሽቱ ፲፪ ሰ.

አንድ ለባዶ! ዩሱፍ ወደ ጎሉ ከተመለሰ ወዲህ የነካን የለም። ሊያበቃ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን፤ ዩሱፍ ወደ ግራ ተወርውሮ አዳነው። ጮኽሁ። የኮሌጁ ዲሬክተር ዞር ብሎ አየኝ። ይየኝ።

የነቢያት ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ በልምምድ ቀን አምበላችን በቀለ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ይሮጣል። አቶ ጸጋዬ ራሱ ይጾማል፤ ፊሽካውን ለመንፋት እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል። ምነው ያላቸው የለም።

የቀረን የመጨረሻው ብቻ፤ የድሬዳዋው ቡድን፣ ጥር ፲፭። ካሸነፍን ዋንጫው የእኛ።

ሰኞ፣ ጥር ፫፤ ከቀኑ ፮ ሰ.

ረመዳን ከገባ ሳምንት አለፈው። ዩሱፍና ሁለቱ ተከላካዮች ይጾማሉ። አቶ ጸጋዬ ወረቀት ይዞ መጣ፣ ዲሬክተሩ ፈርሞበታል። በግጥሚያው ቀን ቡድኑ በስድስት ሰዓት አብሮ ምሳ ይበላል። ያልበላ ማሊያ አይሰጠውም። አስፈጻሚዋ የልብስ ቤት ኃላፊ፣ ማለትም እኔ።

አነበብሁት። እንደገና አነበብሁት። ይህ ምን ማለት ነው አልሁት።

«ማሊያ ትእዛዝ ለሚፈጽም ነው። የእርስዎ ደንብ ነው እኮ፣ እማማ ዘነበች።»

በታኅሣሥ እርስዎስ ጾመው ሲያሠለጥኑ አልነበረም? አልሁት። ያ ሌላ ነው አለ። እንዴት ሌላ? ሰዓቱን አይቶ ሄደ። በገዛ ማስመሪያዬ ጣቴን መታኝ፣ ደብተሬ። ያመመኝ ይህ ነው፤ ማስመሪያው የእኔ መሆኑ።

ረቡዕ፣ ጥር ፭፤ ከጠዋቱ ፫ ሰ.

ዩሱፍ መጣ። ሳይጠየቅ። ማሊያውን ከገመዱ አውርዶ፣ አጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ደንቡ የእርስዎ ነው፣ አላዝንብዎትም አለኝ። ጾሙን ግን አልፈታም አለ። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ ክታቡን እንድፈታለትና ለእናቱ እንዲመልስላት።

መቀሱን አነሣሁ። ክሩን ፈለግሁት፤ በጣም ደቃቅ ነው፣ ዓይኔ አላገኘውም። በጣቴ ዳሰስሁ። የእኔ ስፌት! እኔው ነኝ የሰፋሁት፣ ፋጡማ ሁለት ጊዜ አስፈትታኝ የሰፋሁት። መቀሱን አስቀመጥሁ።

ሂድ፣ ወደ ልምምድህ አልሁት። ቆመ። ሂድ አልሁህ! ሄደ።

ዓርብ፣ ጥር ፲፬፤ ከቀኑ ፲፩ ሰ.

ለጿሚዎቹም ማሊያ ልሰጥ ነው የሚል ወሬ ደርሶታል። አቶ ጸጋዬ የልብስ ቤቱን ቁልፍ ያምጡ ብሎ ተላላኪ ሰደደ። ራሱ ይምጣ አልሁ። መጣ። ደስ ይለኛል አልሁት፤ ግን ቁልፍ በቃል አይተላለፍም። በርክክብ ነው። እያንዳንዱ አንሶላ፣ እያንዳንዱ ካልሲ በሁለት ምስክር ፊት ይታያል፣ ይመዘገባል፣ ይፈረምበታል። በጥድፊያ አልሠራም። ሰኞ ብንጀምር ረቡዕ ማታ እንጨርሳለን።

«እማማ፣ ግጥሚያው እኮ ነገ ነው!»

ሥርዓት ዐዋቂ ነዎት ያሉኝ እርስዎ ነዎት አልሁት።

ፊቱ በርበሬ መሰለ። ዲሬክተሩ ዘንድ ሄዶ ተመለሰ። ለሦስቱ ማሊያ ከሰጠሁ ሰኞ ሥራዬን ለቅቄ እወጣለሁ፤ ክፍሌንም ጭምር። የምተኛባት ክፍል ከሥራው ጋር ናት። ይህን በበር ላይ ቆሞ፣ ተማሪዎች እየሰሙ ነገረኝ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ዩሱፍ ከእናቱ መልእክት አመጣ። ልጁ ለመናገር ተሽኮረመመ፤ እንደተላክህ ንገረኝ አልሁት።

«ካባረሩሽ መርፌሽን ይዘሽ ነይ፣ ላይኛው መደብ ባዶ ነው። ስፌትሽ እንደሆነ ገና ነው፣ ብላለች።»

ገና ነው! ይህች ሴት።

ቅዳሜ፣ ጥር ፲፭፤ ከጠዋቱ ፩ ሰ.

በደንብ ተኛሁ። ዐሥራ አንዱንም ተኮስሁ። ወስኛለሁ፤ ልብ ብለሽ ያዢልኝ ደብተሬ፣ ነገ የምክደው እንዳይመስላቸው። ማሊያዎቹን እዚህ አላድልም፤ በልብስ ቅርጫት ይዤ ሜዳ እወርዳለሁ። ከአጥሩ ላይ በየቁጥራቸው እሰቅላቸዋለሁ፤ ባለቁጥሩ ቁጥሩን ያንሣ። ስም ዝርዝሩን ለዳኛው የሚሰጠው አምበሉ ነው፤ አሠልጣኙ አይደለም። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

ይሸነፉ ይሆናል። በባዶ ሆድ ዘጠና ደቂቃ ቀላል አይደለም። ይሸነፉ። በኅዳር በእኔ ተሸንፈዋል፤ ዛሬ በራሳቸው ይሸነፉ፣ ወይም ያሸንፉ።

፮ ሰ. ተኩል

የምሳ ደወል ተደውሏል። ሦስቱ ምግብ ቤት አልገቡም። በቀለ እያላመጠ መጣ። ዝርዝሩን ጽፎታል፣ ዩሱፍ መጀመሪያ ላይ ነው። እኔ ግን በልቻለሁ እማማ፣ ለሦስቱም ነው የበላሁት፣ ለሦስቱም እሮጣለሁ አለኝ። አፍህን ጥረግ አልሁት።

፯ ሰ.

አቶ ጸጋዬ በሩን ይመታል። ይምታ፣ በጓሮ በኩል በር አለ። ቅርጫቱ ተዘጋጅቷል። በሩ ላይ የነበረውን ወረቀት አንሥቼ የመጨረሻውን መስመር፣ «ደንቡን ላልጠበቀ ማሊያ የለም» የሚለውን፣ በቀይ ቀለም ሰረዝሁት። የቀረው ደንብ እንዳለ ነው።

መዝገቡን ከፈትሁ። ማሊያ የሚወስድ ይፈርማል። ዛሬ ሜዳ ላይ ማንንም የማስፈርምበት ጊዜ የለኝም፤ የአንዱን አሁኑኑ እጽፋለሁ።

፩ ቁጥር፦ ወጥቷል።
የፈቀደች፦ ዘነበች።
የተረከበች፦ ዘነበች።
መመለሻ፦ ሰኞ ጠዋት በ፪ ሰ.። እዚህ ካላገኘኝ፣ እናቱ ቤት፣ ላይኛው መደብ ላይ።