ፍል ውሃችንን ማን አዞረው ለሚል ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ለክቡር ኤሰንጌልዲ ቱራቶቪች፣
የመንግሥት ንብረትን ወደ ግል የማዛወሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተምም በመልካም ጤንነት ላይ እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ማኅተሙ በዚህ ዓመት ያለ ዕረፍት ስለሠራ እጅግ አሳስቦኛል። እኛ የኮሽ-አራሻን ነዋሪዎች አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ እንዲያውም ከታሰበልን በላይ ንጹሕ ነን።

ጽሕፈት ቤትዎ "ፍል ውሃውን ከመስመሩ ማን ፈቅዶ አዞረው?" ብሎ ለጠየቀው መልስ የምሰጠው እኔ ባትማካን ነኝ፤ ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ፣ የአፓ ሱሳር ምራት። ከመልሱ በፊት ግን የምስጋና ዕዳችንን ልክፈል፤ እናንተ ቁጥር ስለምትወዱም በቁጥር አደርገዋለሁ።

አንደኛ፣ የሕዝብ መታጠቢያ ቤታችንን ለባለሀብቱ ለአዲልካን ስለሸጡልን እናመሰግናለን። ያን ሁሉ ዘመን ስንታጠብበት ባለቤት እንደሌለው አናውቅም ነበር። አዲሱ ባለቤትም ቧንቧዎቹን ለውጠው፣ አንዴ ሲጫኗቸው ጥቂት ጠብ አድርገው ራሳቸውን የሚዘጉ አደረጓቸው። በእኛ ወግ ሕፃን በአርባኛው ቀኑ በአርባ ማንኪያ ውሃ ይታጠባል፤ ባለሀብቱ ይህን ወግ ለአዋቂዎችም ማዳረሳቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን እኔ ስድሳ ዓመት ካለፈኝ ቆየሁ፤ ገላዬም ከሕፃን ገላ ትንሽ ሰፋ ይላል።

ሁለተኛ፣ የእንፋሎቱ ክፍል የአባልነት ካርድ ለያዙ ብቻ እንዲከፈት ተደርጓል። የባለቤቴ እናት የአፓ ሱሳር ጉልበት የሚፈታው ደግሞ በዚያ እንፋሎት ብቻ ነው፤ ያለዚያ ከአልጋ መውረድ አይችሉም። እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁምና እውነቱን ልንገርዎ፤ ያን የመሰለ ሰው ተኝቶ ጣሪያ ሲቆጥር ማየት ያንገበግባል። ደግፌ በር ድረስ ባደርሳቸው ጥበቃው "አፓ፣ ካርድ ከሌለ አይቻልም፤ እኔ ታዝዤ ነው" አላቸው። እሳቸውም "ልጄ፣ የዚህን ግድግዳ ጡብ በጀርባዬ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ያኔ ካርድ አምጪ ያለኝ የለም" ብለውት ተመለሱ።

ሦስተኛውን ረስቼዋለሁ፤ ሲመጣልኝ እመለስበታለሁ።

አራተኛ፣ በዚህ መከር ከኮረብታው ፍል ውሃውን የሚያመጣው ዋና ቧንቧ ፈነዳ። በማግስቱም በመታጠቢያው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን፤ ባለሀብቱ "መታጠቢያው የሁላችንም ነውና" ብለው ከተማውን በሙሉ ለአሻር፣ ለደቦ ሥራ፣ ጠርተዋል። ሲሸጥ የእሳቸው የነበረው ሲፈነዳ የሁላችን መሆኑን ስንሰማ የተሰማንን ደስታ ልገልጽልዎ አልችልም። ለአሻር ተጠርቶ መቅረት ነውር ነውና ዶማና አካፋችንን ይዘን ጎረፍን።

ክቡርነትዎ በሥራ ብዛት ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ፤ አሻር የጠራ ሰው የመጀመሪያውን አፈር በገዛ እጁ ያነሳል፣ በግም አርዶ የመጣውን ያበላል። እነዚህን ሁለቱን ያደረገ የሥራው ባለቤት ይባላል። ባለሀብታችን ግን በመኪናቸው መጥተው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ፎቶ አነሱንና "በርቱ ወገኖቼ" ብለው ሄዱ። ለምሳችን የተዉልን የመታጠቢያ ቅናሽ የሚያሰጥ ወረቀት ነበር። ሽማግሌው ጁምጋልቤክ ወረቀቱን አገላብጠው አሸተቱትና "እንዴ፣ ሥራው ሲሆን አሻር፣ ምሳው ሲሆን ንግድ?" ሲሉ ሰው ሁሉ አካፋውን ተደግፎ በሳቅ ፈረሰ።

ያልሳቁት አፓ ሱሳር ብቻ ነበሩ። ከቤት ብቻቸውን ከሚውሉ ብለን በጋሪ አምጥተናቸው ነበር። "ባለቤት የሌለው አሻር አይቼ አላውቅም፤ በሉ አካፋ አቀብሉኝ" አሉ። እኔ ወገባቸውን ይዤ፣ እሳቸው ጥርሳቸውን ነክሰው፣ አንድ እፍኝ የምታህል አፈር አነሱ። ከዚያም "አሻሩ የእኔ ነው። ባትማካን፣ በጉን አሳርጂ" አሉኝ። ለብርዱ ወራት ያሰብነው በግ ታረደ።

የአሻሩ ባለቤት እሳቸው ከሆኑ የምንቆፍረው ቦይ የሚሄድበትን የሚያሳዩትም እሳቸው ናቸው። በጣታቸው ያመለከቱት ከመታጠቢያው ጎን ወዳለው አሮጌ የሱፍ ማጠቢያ ነበር፤ ውሃውን ወደዚያ መርተን ፍርስራሹን የራሳችን የእንፋሎት መታጠቢያ አደረግነው። አሁን ሦስተኛው መጣልኝ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ያንን ፍርስራሽ ለጨረታ አቅርቦ የሚገዛው ሰው በማጣቱ ከልብ እናመሰግናለን። ሽያጩ ሕንፃውን እንጂ ምንጩን እንደማይጨምር የነገረንን ትሑት ጸሐፊዎንም አደራ እንዳይቆጡብን።

እንግዲህ ለጥያቄዎ መልሱ ይኸው ነው፤ የፈቀዱት የአሻሩ ባለቤት ናቸው። ባለሀብቱ ካርዱም፣ በሩም፣ ቁልፉም አልተነካባቸውም፤ የጎደላቸው ውሃ ብቻ ነው። አፓ ሱሳር ሐሙስ ሐሙስ፣ በሴቶች ቀን፣ ከአዲሱ መታጠቢያችን ላይኛው መደብ ላይ እንደ በርበሬ ቀልተው ይቀመጣሉ። ባለፈው ሐሙስ ክንዴን ሳይዙ ቤታቸው ገቡ፤ እኔ ከኋላቸው እያለቀስኩም እየሳቅኩም ተከተልኳቸው።

የእርስዎን ውለታ ገላዋን በታጠበች ቁጥር ከምታስበው፣ ከታላቅ አክብሮትና ከንጹሕ እጅ ጋር፣
ባትማካን፣ የአፓ ሱሳር ምራት

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ሐሙስ ዕለት ከእኛ ጋር ነበሩ፤ ጀርባቸውን ያሸኋቸው እኔ ነኝ። የወንዶች ቀን መቼ እንደሆነ ለእርስዎ ሲሉ ጠይቀውኛል። ቅዳሜ ነው። ካርድ አንጠይቅም፤ የፍሳሹ ቦይ ግን ገና ስላላለቀ ማኅተሙን ቤት ትተው አካፋ ይዘው ይምጡ።