ትከሻህ ላይ የቀሩ አራት ጣቶች

ለታናሽ ወንድሜ፣ ቺካጎ፤

እንደምን ከርመሃል? ሳሉ ለቀቀህ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን ዝናብ መምጣቱን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ስለሚነግረኝ አልተቀየምኩትም። እዚህ ሞንታና በረዶው ቀልጦ ጭቃው በቅሎ ይውጣል። የልጅ ልጄ ቴክላ ደህና ናት፤ ምላሷ ግን በኔ ወጥቷል።

ለመጽሐፍህ እኔ ዘንድ የቀሩትን፣ ፎቶ የሚታተምባቸውን አርባ የመስታወት ኔጋቲቮች እንድልክልህ የጻፍከው ደብዳቤ ከነፎቶግራፍህ ደረሰኝ። አምሮብሃል። ፎቶ ቤት ወንበር ላይ ጠመንጃ ታቅፈህ፣ ዘርፋም የአጋዘን ቆዳ ኮት ለብሰህ። ኮቱ የኔ ነው፤ ግድ የለም። ከሥሩ «የምዕራቡን ምድር በፎቶ ያነሳ ብቸኛው ሰው» ይላል። «ብቸኛው» የምትለዋን መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አነበብኳት።

ቴክላ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችውና፣ «አያቴ፣ የዚህን ሰውዬ ትከሻ ምን ነክሶት ነው?» አለችኝ። አየሁት። አራት ጥቁር ጣቶች፤ የኔው። ያን ቀን አንተ ተቀምጠህ፣ እኔ ከኋላህ ቆሜ፣ እጄን ትከሻህ ላይ ጭኜ ነበር የተነሳነው። እኔን ፍቀህ መጋረጃ ስለህብኛል። ጣቶቼን ግን የኮቱ ዘርፍ መስለውህ ተውካቸው።

«ጊንጥ ነው» አልኳት።

«ጊንጥ ጥፍር አለው እንዴ? ያንተ እጅ ነው። የቀረው አካልህስ የት ሄደ?»

ፎቶውን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። እኔ፣ በቀብር ላይ እንኳ ቀልድ የማላጣው ሰውዬ።

አሥራ ሁለት ዓመት አንተ ከሹማምንት ጋር ስትጨዋወት እኔ ድንኳን ውስጥ መስታወት በፎቶ መድኃኒት ስነክር ኖርኩ፤ መድኃኒቱ ያጠቆረው ጣቴን እንጂ ያንተን አይደለም። ለዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም። «ከወንድሜ ጋር» ብትል ግን ማን ይከስህ ነበር?

ቴክላ «አትላክለት» ብላ የመስታወቶቹ ሳጥን ላይ ተቀመጠችበት። አስነሥቼ ላክሁት፤ አርባውም በገለባ ተጠቅልለው ይደርሱሃል። ብቻ ከማሸጌ በፊት በእያንዳንዱ መስታወት ላይ የሁለታችንን ስም በመርፌ ጫርኩበት። ጥግ ላይ አይደለም፤ በተራራው ወገብ፣ በወንዙ መሃል ለመሃል። የኔን ልፋቅ ካልክ ተራራውም አብሮ ይሄዳል።

ታላቁ እኔ ብሆንም ያንተን ስም አስቀድሜዋለሁ። እናታችን ስትጠራን እንደዚያ ነበር።

ጤናና ዕድሜ አያሳጣህ፤ ቤትህ የሰላም ይሁን።

ታላቅ ወንድምህ