የዳማ ጉልበት

ኅዳር 4 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሐይቅ

ዛሬ ጠዋት የውሻችንን የዳማን የኋላ እግሮች በሞቀ ጨርቅ እያሸሁ ነበር። መገጣጠሚያው ካበጠ ከርሟል፤ ካልታሸ መነሳት አይችልም። ድንገት ታጣቂዎች በሩን ገንጥለው ገቡ። አንደኛው ባለቤቴን ሞላን በሰደፍ አፉ ላይ መታው። ጥርሱ ከደሙ ጋር እግሬ ሥር ወደቀ።

«መሣሪያህን አምጣ!»

«የለኝም፣ ወንድሜ» ቢለው ደገመው።

ያኔ ዳማ ተነሳ። ጉልበቱን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ዘሎ የሰውየውን ክንድ ነክሶ ያዘ። አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ሌላው ዳማ ላይ ሲተኩስ ሞላ የጓሮውን አጥር ዘሎ አመለጠ። እኔን በእርግጫ ጥለውኝ ተከትለውት ሮጡ።

ውሻ እንዳይነካቸው ከደጃችን ርቀው የሚያልፉት ጎረቤቴ እማማ ዘሃራ ደረሱልኝ። ሻሻቸውን ፈትተው የዳማን ቁስል ጥፍር አድርገው አሰሩት።

«አብሽሪ ልጄ፣ ይተነፍሳል» አሉኝ።

ጀምበር እያዘቀዘቀች ነው፤ ሞላ አልተመለሰም። ከሐይቁ ዳር ተኩስ ይሰማል። በተተኮሰ ቁጥር ዳማ አንገቱን ቀና አድርጎ ሊነሳ ይታገላል። እኔ በሁለት እጄ ወደ መሬት እጫነዋለሁ።