ከጠፈር የመጣው የጋሼ ፖስታ

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሦስት ፖስታ መረመርኩ። ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው አሳቀኝ... "ጠፈር ደርሶ የተመለሰ" ተብሎ ነው የመጣው። ሐምራዊው መብራት ሥር ሳስገባው እንደ አዲስ ነጭ ሸሚዝ ቦግ አለ። ሄደበት የተባለው በረራ ዘመን ወረቀት እንዲህ አያበራም። የትናንት ወረቀት ነው። ጀርባው ላይ ቀዩን ማኅተሜን አሳረፍኩበት፦ "ሐሰት"። ባለቤቱ ያዝናል። ምን ላድርግለት?

ጉልበቴ አሞኛል። ደረጃው ላይ ሁለቴ አረፍኩ። የታችኛዋ ጎረቤቴ አየችኝ። "አሁንም ፖስታ ነው የሚመረምሩት? ሰው ሁሉ በስልክ እየተጻጻፈ?" "እነዚህ እኮ ጠፈር ደርሰው የመጡ ናቸው።" "ታዲያ ምን ይዘው መጡ?" ደረጃዬን ቀጠልኩ።

እሁድ ጋሼ ቤት ምሳ አለ። ጥርሱን አስነቅሏል። ሚስቱ ደውላ "ታላቅ ወንድምሽ ሕፃን ሆኖልሻል፣ ነይና አባብይልኝ" አለች። ለስላሳ ነገር ይዤ ልሂድ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ከጨረታ ቤቱ ትልቅ ሳጥን መጣ። ባለፈው ዓመት የሞተ የአንድ ጠፈርተኛ ንብረት ነው፤ ሚስቱ ልትሸጠው ነው። አርባ ፖስታ። ይዟቸው ወጥቶ፣ እዚያው መንኮራኩሩ ውስጥ በትንሽ የጎማ ማኅተም መትቷቸው፣ ይዟቸው ወርዷል። ተባለ። እውነት ወጥተው ነበር ወይ? የኔ ሥራ ይህንን መመለስ ነው።

የሰውየውንና የበረራውን ስም ሳነብ ሳጥኑን መልሼ ከደንኩት። ያ በረራ ነው። የጋሼ...

ነገ እጀምራለሁ። ዛሬ ዓይኔ ደክሟል።

ዓይኔ አልደከመም። ለራሴም መዋሸት ጀመርኩ እንዴ?

የካቲት 6

ማኅተሙ ክብ ነው። ዙሪያውን አንድ ወፍራም መስመር ይዞረዋል። ሃያ ስድስቱ ላይ መስመሩ ሙሉ ነው። አሥራ አራቱ ላይ ግን ከታች፣ በግራ በኩል፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ክፍተት አለች።

ክፍተቷን አውቃታለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አውቃታለሁ።

ከሳጥኑ ውስጥ የሰውየው የበረራ ደብተር ቅጂ ወጣ። በዘጠነኛው ቀን እንዲህ ይላል፦ "ማኅተሙ ከእጄ አምልጦ ተንሳፈፈ። የመተላለፊያው በር ሲዘጋ ጠርዙን ነከሰው። ቁራጩን ፈልጌ አጣሁት። የቀሩትን ፖስታዎች በዚሁ መታኋቸው።"

አራት ጊዜ አነበብኩት። ቀለሙን አየሁ። ወረቀቱን አየሁ። ክፍተቷን ለካሁ፣ ደግሜ ለካሁ። እውነቱን ልጻፍ? ሐሰት እንዲሆን እየለመንኩ ነበር የምለካው። አንድ እንከን ባገኝ እፎይ እል ነበር። አላገኘሁም። አርባውም እውነት ናቸው።

እንግዲህ የጋሼም እውነት ነበር።

የካቲት 7

አልሠራሁም። ሁለት ጊዜ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ቢያንስ እዚህ ልጻፈው። ጋሼ ሰዓት ሠሪ ነው። ሰውየው ጠፈር ከመውጣቱ በፊት ከተማችን ለጉብኝት መጥቶ፣ ከአባቱ የወረሳት የእጅ ሰዓት ቆመችበት። ከሆቴሉ ወደ ጋሼ ላኩት። ለዚያች ሰዓት መለዋወጫ አይገኝም። ጋሼ የተሰበረውን ዘንግ ሁለት ቀን ሙሉ በእጁ ሞርዶ ሠራለት። ሰውየውም "አድርጌያት እወጣለሁ። ከዚያ ሆኜ እጽፍልሃለሁ" አለው። ከወራት በኋላ ፖስታው መጣ። ውስጡ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ "ሰዓቷ አልቆመችም።"

ጋሼ ያንን ፖስታ ያላሳየው ሰው አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ፣ ዳቦ ሻጯ፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው... ያልተነገረው የሰፈሩ ውሻ ብቻ ነው። በመጨረሻ የቴምብር ክበባችን ዓመታዊ ትርኢት ላይ ይቅረብ ተባለ። ግን ተመርምሮ። መርማሪዋ ማን ናት? እኔ።

ማነጻጸሪያ የሆኑኝ ከዚያው በረራ የመጡ አሥራ አንድ ፖስታዎች ነበሩ። ሁሉም ላይ መስመሩ ሙሉ ነበር። ለካ ሁሉም ከዘጠነኛው ቀን በፊት የተመቱ ናቸው! የጋሼ ብቻ ክፍተት ነበረው። በኛ ሥራ ማስረጃ ሲያጥር "አልወስንም" ብሎ ጽፎ መመለስ አለ። ነውር የለውም። ትልልቆቹ መርማሪዎች ሳይቀሩ ይጽፉታል። እኔ አልጻፍኩትም።

ለምን? "ለወንድሟ አዳላች" እንዳይሉኝ ፈርቼ። ይህን ሁሌም ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ከዚያ በላይ ግን "ለወንድሟ እንኳ አታዳላም" እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። ይኸው፣ ጻፍኩት። ደግሞም አሉኝ። ቀዩን ማኅተም በሰው ሁሉ ፊት ጀርባው ላይ ሳሳርፍ ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ገነነ፣ ፖስታ ከየአቅጣጫው ይጎርፍልኝ ጀመር። ጋሼ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር፣ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ።

ሰፈሩ "ጠፈሩ" የሚል ስም አወጣለት። "ጠፈሩ፣ ዛሬስ ከጨረቃ ምን ተጻፈልህ?" ሃያ ሁለት ዓመት። እሱ ግን አንድ ቀን ክፉ አልተናገረኝም።

የካቲት 8፣ እሁድ

ሄድኩ። አልነገርኩትም።

በመስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ አጉሊ መነጽሩ ዓይኑ ላይ እንደተለጠፈ ተቀበለኝ። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰዓት ይቆጥራሉ። የሰው ሰዓት ሲያስተካክል የራሱን ይረሳል።

"ምነው አልበላሽም? ጥርስ የተነቀልኩት እኔ፣ ማኘክ ያቃተሽ አንቺ!"

"ደህና ነኝ፣ ጋሼ።"

"ሥራ በዝቶብሽ ነው።"

"ሥራ" ይላል እንጂ "ፖስታ" አይልም። በዚያ ቤት "ፖስታ" የሚለውን ቃል ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ? ሦስቴ አፌን ከፈትኩ፣ ሦስቴም ስለ ጥርሱ ጠየቅኩት።

ስወጣ አንድ ጎረቤት ከበር ተጣራ። "ጠፈሩ አለ?" ጋሼ ከውስጥ "አለሁ፣ ገና አልተነሳሁም!" ብሎ ሳቀ። ሁሌም ይስቃል። ዛሬ ግን ፊቱን አየሁት። ዓይኑ አይስቅም። ይህን ሁሉ ዓመት የወረቀት ቃጫ ስቆጥር የወንድሜን ዓይን አላየሁም...

የካቲት 11

ሳጥኑን ልመልስ ሳሰናዳ ከሥሩ አንድ ካርቶን ተጣብቆ አገኘሁ። ሰውየው ለማን ለማን እንደላከ በእጁ የጻፈበት ዝርዝር ነው። አንዱ መስመር ላይ "ሰዓት ሠሪው" ይላል። አጠገቡ፦ "ደርሶታል፣ በጣም ደስ ብሎታል።" ቀጥሎ፦ "ጻፍኩ፣ መልስ የለም።" እንደገና፦ "ጻፍኩ፣ መልስ የለም።" አምስት ጊዜ። በየዓመቱ አንድ። ከሁሉ በታች፣ እርሳሱ ሳስቶ፦ "ምን አስቀየምኩት?"

ጋሼ መልስ አይጽፍም? ለሳሙና ማስታወቂያ እንኳ "ስላስታወሳችሁኝ አመሰግናለሁ" ብሎ የሚጽፍ ሰው?

የካቲት 15፣ እሁድ

ነገርኩት።

ሚስቱ ገበያ ወጥታ ነበር። ቁጭ እንዳልኩ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"ጋሼ፣ ፖስታህ እውነት ነው።"

ሞረዱን አላስቀመጠም። "የቱ ፖስታ?"

"ስንት አለህ?"

ክፍተቷን፣ በሩን፣ ዘጠነኛውን ቀን ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

"ሰውየው ራሱ ነው የመታው?"

"ራሱ።"

"እዚያ ላይ?"

"እዚያ ላይ።"

አጉሊውን ከዓይኑ አወጣ። ዓይኑ ዙሪያ ቀይ ክብ ቀርቶበታል። ስለ ካርቶኑ ነገርኩትና ጠየቅኩት፣ "ለምን አልመለስክለትም?"

"አልከፈትኳቸውማ።"

"አምስቱንም?"

"አምስቱንም። ምን ብዬ ልክፈት? አንቺ ሐሰት ነው አልሽ። አንቺ ደግሞ በሥራሽ አትሳሳቺም። ስለዚህ ሰውየው ቀልዶብኛል አልኩ። ምድር ላይ ያስመታውን ከሰማይ ነው ብሎ ላከልኝ... ሁለት ቀን ዓይኔን ላጠፋሁለት። ያንን ሳስብ ያንገበግበኝ ነበር።"

"እኔ... እኔን የተቀየምከኝ መስሎኝ ነበር፣ ጋሼ።"

"አንቺን? አንቺንማ አመንኩሽ።"

ምነው በተቀየመኝ! ምነው ያን ቀን ከአዳራሹ ሲወጣ ሰድቦኝ በነበረ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የገዛ ዓይኑ ያየውን፣ የገዛ እጁ የሠራውን ትቶ እኔን አመነ። እኔ ደግሞ ጭብጨባ ነበር የፈለግኩት።

"አሁን የት ነው ያለው?" አለ።

"ባለፈው ዓመት ሞተ።"

ሞረዱን አስቀመጠ። "ሰዓቷስ?" አለ። አላውቅም አልኩት።

ከታችኛው መሳቢያ የቆርቆሮ ሣጥን አወጣ። ፖስታው ከላይ ነበር፣ ከሥሩ አምስቱ ደብዳቤዎች እንደታሸጉ። ገለበጠውና ቀዩን ማኅተም በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

"ይለቃል?"

"አይለቅም። እንዳይለቅ ብዬ ራሴ ነኝ ቀለሙን የመረጥኩት።"

"ጎበዝ" አለ። ሲያሾፍብኝ አልነበረም። ጥሩ ሥራ ሲያይ እንደሚለው ነው ያለው።

ከዚያ "በይ ሂጂ አሁን፣ ብቻዬን ላንብባቸው" አለኝ። ከዚያ ቤት ሂጂ ስባል የመጀመሪያዬ ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ክበቡ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ስለ ጋሼ ፖስታ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩላቸው። አሮጌው ሊቀመንበር ተቆጣ። "ሃያ ሁለት ዓመት ያለፈውን ነገር ምን ቀሰቀሰው?"

"ያጨበጨቡት እርስዎ ነበሩ" አልኩት።

አንዱ "እንግዲህ ሰው ነን፣ እንሳሳታለን" አለ። እንሳሳታለን፣ አዎ። ግን "አልወስንም" ማለትም እንችላለን። ከመርማሪዎች ዝርዝር ስሜ እንዲሰረዝ ጠየቅኩ። ማንም አላጨበጨበም።

የካቲት 25

የምስክር ወረቀት አዘጋጅቼ ለጋሼ ወሰድኩለት። ሙሉ፣ ፎቶ ያለው፣ ፊርማ ያለው። አነበበውና መለሰልኝ።

"ወረቀት ምን ያደርግልኛል? እኔ ለሰው የነገርኩት በአፌ ነው። አንቺም በአፍሽ ንገሪያቸው።"

ሄድኩ። በየበሩ። ዳቦ ሻጯ አታስታውስም፤ "የምን ፖስታ?" አለችኝ። ፀጉር አስተካካዩ ሞቷል። ወንበሩ ላይ ልጁ ነው የሚሠራው። "አባቴ በዚህ ነገር በጣም ይስቅ ነበር" አለኝ። የቆጣሪ አንባቢው ሰፈር ቀይሯል። አንድ ሽማግሌ ብቻ ዱላቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። "እና ጠፈሩ አልዋሸም በይኛ?" "አልዋሸም።" "ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ የት ነበርሽ?" አሉኝ።

የት ነበርኩ...

መጋቢት 2

ጋሼ ለሰውየው ሚስት ደብዳቤ ጻፈ። ረቂቁን ስንት ጊዜ እንደቀደደው የራሱ ሚስት ነገረችኝ። ፖስታውን አሽጎ ሰጠኝ። "ጥፋቱ የኔ መሆኑን አንድ መስመር ብጨምርበትስ?" አልኩት።

"የኔን ደብዳቤ ለኔ ተዪልኝ። አንቺ ወረቀት የለሽም?"

አለኝ። ትናንት ቁጭ ብዬ የራሴን ጻፍኩ። አጭር ነው። ማስረጃ፣ ልኬት፣ ቁጥር የለበትም። እኔ ነኝ ይላል።

ሰውየው በአምስቱ ደብዳቤዎች ምን ብሎት እንደነበር ጋሼ አልነገረኝም። ከመጨረሻው አንዲት መስመር ብቻ አነበበልኝ፦ "አሁንም አልቆመችም።" ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ፖስታ ቤት ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የኔን መታች፣ ጥርት ያለ። የጋሼን ስትመታ እጇ ተንሸራተተ፣ ቀለሙ ተዘረጋጋ፣ ቀኑም አይነበብም። ደነገጠች።

"ውይ፣ ይቅርታ እትዬ፣ ተበላሸ። ሌላ ፖስታ ላምጣልዎት?"

የተበላሸ ማኅተም ሳይ ከስንቱ ፖስታ ቤት ጋር ተጣልቻለሁ። ዛሬ አጉሊዬ ቤት ነው ያለው፣ አልያዝኩትም።

"ተዪው፣ የኔ ልጅ" አልኳት። "ይድረስ ብቻ።"