ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው

ወንድምዓለም፣ ያለህበት ብርዱ ጠንቷል ብለሃልና ካልሲ ሳትደርብ እንዳትወጣ። እኛ ደህና ነን። አባባም ይበላል፤ ራሱ ውስጥ ያለውን እብጠት "ተከራዬ" እያለ ይቀልድበታል።

እኔ ከሆስፒታሉ የመሣሪያ ማጽጃ ክፍል ተባርሬ አንሶላ አጣፊ ሆኛለሁ። ባለፈው ወር ፕሪዮን የሚሉት አንጎል የሚያጠፋ ነገር ሳይዘው አልቀረም የተባለ ሕመምተኛ ጭንቅላቱ ለቀዶ ሕክምና ተከፍቶ ነበር። አለቃዬ መሣሪያዎቹን "ቀቅለሽ መልሺያቸው" አለኝ።

"ጌታዬ፣ ፕሪዮን በመቀቀል አይሞትም።"

"የማይሞት ምን አለ?"

"መቼ ኖሮ ይሞታል! ቫይረስ እንኳ ዘረ መል አለው፤ የሰው ሕዋስ ውስጥ በደባልነት ገብቶ ይባዛል። ፕሪዮን ግን የተጣመመ ፕሮቲን ብቻ ነው። ደህናውን ፕሮቲን ሲነካው እንደ ራሱ ያጣምመዋል።"

"እንግዲያው ፕሪዮኗ አንቺ ነሽ! ሠራተኞቼን ሁሉ ሳታጣምሚብኝ አንሶላ ክፍል ግቢ።"

ገባሁ። መሣሪያዎቹን ግን ሳጥን ውስጥ ቆልፌባቸው ነው የወጣሁት። ቁልፉን ሦስቴ ጠየቀኝ፣ ሦስቴም "ጠፋ" አልኩት። ትናንት ቁልፍ ሠሪ ሲያስጠራ ሰማሁ።

የአባባ ቀዶ ሕክምና ማክሰኞ እዚያው እኛ ሆስፒታል ነው። "ልጄ ያጠበችው መቀስ አያስፈራኝም" እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራል። አንሶላ እንደማጥፍ አልነገርኩትም።

ቀዶ ሐኪሙ የክፍል ጓደኛህ አልነበር? እስከ ሰኞ ደውልለት፤ ለሰላምታ ያህል ነው። በዚያው ስለ ሳጥኔ ብታጫውተው ይስቃል።

ደህና ሁንልኝ። ካልሲህን ብትረሳ እንኳ ስልኩን አትርሳ።

አንሶላ አጣፊዋ እህትህ